ለመታየት የምንሠዋበት መሠዊያ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጳውሎስ አቴና ጣዖት የሞላባት ከተማ መሆኗን አይቶ መንፈሱ እንደ ተበሳጨበት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እናነባለን። ብስጭቱ ግን ዓይኑን አላስጨፈነውም፤ «የምታመልኩትን እየተመለከትሁ ሳልፍ» ይላል። ባይመለከት ኖሮ «ለማይታወቅ አምላክ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መሠዊያ ባላገኘ፣ አርዮስፋጎስ በተባለውም የአቴና ሸንጎ ፊት ቆሞ ንግግሩን ከዚያው ባልጀመረ ነበር። «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» ብሎ የጠቀሰው ቃል እንኳ ከነቢያት የተወሰደ ሳይሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ገጣሚ አራቶስ ስለ ግሪኮች የበላይ አምላክ ስለ ዜውስ የጻፈው ስንኝ ነው። ሐዋርያው ቃሉን ለሚገባው ለፈጣሪ አደረገው።

እኛ ግን የዘመኑን ኑሮ ወይ «ዓለማዊ ነው» ብለን በጅምላ እናወግዛለን፣ ወይ ሳንመረምር እንቀበለዋለን። ሁለቱም ከመመልከት ድካም ያሳርፉናል።

በእጃችን ያለውን ስልክ እንመልከት። አንድ ሰው ፎቶግራፉን በማኅበራዊ መገናኛ ላይ አውጥቶ፣ ስንት ሰው እንደ ወደደለት ለማየት በየደቂቃው ሲመላለስ፣ ነገሩ ከንቱ ውዳሴ ነው ብለን ብንገሥጸው አልተሳሳትንም። ነገር ግን ከዚያ ከንቱነት ሥር «የሚያየኝ አለን?» የሚል የነፍስ ጥያቄ አለ፤ ይህንም የማያውቅ ተግሣጽ ልብን አይደርስበትም።

በዘፍጥረት 16 ያለችውን አጋርን አስቡ። አብራምና ሦራ በዚያ ምዕራፍ ስለ እርስዋ ሲነጋገሩ «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ» ይላሉ እንጂ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠሩም። በስሟ የጠራት፣ ኮብልላ በበረሃ የውኃ ምንጭ አጠገብ ሳለች ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። እርስዋም ያነጋገራትን እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ»፣ የሚያየኝ አምላክ፣ ብላ ጠራችው። አንድም ተመልካች በሌለበት ስፍራ ታየች።

ይህ በሰው ለመታየት መሻት ከሌሎች ይልቅ እኛን ምእመናንን ሊያስፈራን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ጸሎታችንን፣ ጾማችንንና ምጽዋታችንን ሳይቀር ለሰው ዓይን ማውጣት ለምደናልና። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 6 ለሰው ለመታየት የሚጸልዩትን «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ብሎ፣ ደጁን ዘግቶ የሚጸልየውን ግን በስውር ለሚያይ አባት አደራ ሰጠው። እንግዲህ ወንድማችንን «ስልክህን ተው» ከማለታችን በፊት፣ እኛ ራሳችን ማንም ያላየውን፣ ለማንም የማንናገረውን ጸሎት ዛሬ ጸልየን፣ ከዚያ በኋላ አጠገቡ ተቀምጠን የአጋርን ታሪክ እንንገረው።