የውሃ ግፊት ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ሲያንስ ምክንያቱ እንዴት ይታወቃል?

የውሃ ግፊት ማለት ውሃ ባለበት ቧንቧ ወይም ዕቃ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ወደ ቤት በሚገባ ውሃ ላይ ይህ ጫና የሚፈጠረው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ውሃው ከቧንቧው አፍ በላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ወይ ፓምፕ ይገፋዋል። ከፍታውን በሜትር ከለካን ግፊቱን አወቅን ማለት ነው። 10 ሜትር ከፍታ ከሞላ ጎደል 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይሰጣል፣ 1 ሜትር ደግሞ 0.1 ባር። የማጠራቀሚያው ትልቅነት እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። የውሃቸው ወለል እኩል ከፍታ ላይ ከሆነ የ500 ሊትርና የ5,000 ሊትር ሮቶ የሚሰጡት ግፊት አንድ ነው። ስለዚህ ውሃው ቀጠነ ብሎ ትልቅ ሮቶ መግዛት ለፈረቃ ይጠቅማል እንጂ ግፊት አይጨምርም።

ደሴ ላይ ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር ጀምሮ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርድ ተዳፋት ላይ የተሠራች ናት። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች የ30 ሜትር የከፍታ ልዩነት ካላቸው፣ የታችኛው ቤት ግፊት ከላይኛው በ3 ባር ይበልጣል። ጠዋት ሁሉም ሲከፍት የታችኛው ግቢ እየተረጨ የላይኛው ጠብ ላይል የሚችለው ለዚህ ነው። ሌሊት ተጠቃሚው ሲቀንስ ደግሞ የላይኛውም ያገኛል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሜዳ ላይ ለተሠራ ቤት ግን በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከፍታው ሳይሆን ከዋናው መስመር ድረስ ያለው ርቀትና የቧንቧው ቅጥነት ነው።

ግፊትና ፍሰት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እነዚህን ሁለቱን ባለመለየት ነው። ፍሰት ማለት በደቂቃ ስንት ሊትር ወጣ የሚለው ነው። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ውሃው ሲቆም፣ በግማሽ የተደፈነ መስመርም ሆነ ንጹሕ መስመር የሚያሳየው ግፊት እኩል ነው። ልዩነቱ የሚወጣው ውሃው መሄድ ሲጀምር ነው። ያኔ ከቧንቧው ግድግዳ፣ ከኤልቦው (ከመታጠፊያው)፣ ከቫልቩ ጋር እየተፋተገ በየደረሰበት ግፊቱን ያጣል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ አንዴ ሁሉም ተዘግቶ፣ አንዴ ሌላ ቧንቧ ተከፍቶ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግማሽ ኢንች ጥርስ ያለው፣ እስከ 6 ወይም 10 ባር የሚያነብ የግፊት ጌጅ ግቢ ውስጥ ባለ ቧንቧ ላይ ይግጠሙ። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘግተው ቁጥሩን ይጻፉ። ቀጥሎ ሌላ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተው እንደገና ያንብቡ። ተዘግቶ 2 ባር የነበረው ሲከፈት ወደ 0.3 ከወረደ ከፍታው በቂ ነው፤ ከጌጁ በፊት ባለው መስመር ላይ ግን የጠበበ ወይም የተደፈነ ነገር አለ። ተዘግቶም 0.4 ባር ብቻ ካነበበ ቧንቧ ቢቀየር ለውጡ ትንሽ ነው፤ የጎደለው ከፍታ ነው። ልኬቱን ጠዋትና ሌሊት መድገም ይገባል፤ በሰዓት የሚለዋወጥ ቁጥር ችግሩ ከግቢው ውጭ ባለው መስመር መሆኑን ይጠቁማል።

ፍሰቱን ለመለካት 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ ለሻወር ጥሩ ነው። 4 ደቂቃ ከፈጀ 5 ሊትር ነው፤ ያኔ አንድ ሰው ሲታጠብ ወጥ ቤት የተከፈተ እንደሆነ ሻወሩ ይቆማል።

ምክንያቱን መፈለግ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፦ የቀጠነው አንድ ቧንቧ ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከሆነ ከጫፉ ያለችውን ወንፊት ፈትቶ ማየት ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ መስመሩ ውስጥ የተኛውን አሸዋና ዝገት ይዞ ስለሚመጣ እዚያ ይከማቻል። ትርፍ ቴፍሎን ተቆርጦ እዚያው ሲሰካም ይገኛል። ነጭ ቅርፊት ከያዘ አቼቶ ውስጥ አሳድሮ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ያጸዳዋል፤ የሻወር ራስም እንዲሁ። ቀዝቃዛው ደህና ሆኖ ሙቁ ብቻ ከቀጠነ ጥፋቱ ያለው ቦይለሩ ጋ ነው፤ የመግቢያው ቫልቭ ወይም ተጣጣፊው ቱቦ በኖራ ጠቧል። ቫልቩን ከመፍታት በፊት ኤሌክትሪኩን ማጥፋትና ውሃው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው።

ሁሉም ከቀጠነ በዚያው መስመር ያለ ጎረቤት ይጠየቃል። ጎረቤትም እንዲሁ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚፈታ ነገር የለም። ጎረቤት ደህና ከሆነ ፍለጋው ከቆጣሪው ይጀምራል። ቆጣሪ መግቢያው ላይ ወንፊት አለው፤ ጠጠር ሲይዝ የቤቱን ውሃ ሁሉ ያንቃል። ማኅተም ያለበት ስለሆነ መፍታት ያለበት የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። እዚያው ሳሉ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ትንሽ ኮከብ ይመልከቱ። የምትዞር ከሆነ መሬት ውስጥ የሚፈስ አለ፤ መፍሰስ ደግሞ ሂሳብ ከመጨመሩ ሌላ ግፊትም ይበላል።

ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ጌት ቫልቭ ሲያረጅ ክፉ ጠባይ አለው። ዘንጉ ከውስጥ ካለው ምላስ ጋር ይላቀቅና እጀታው ይዞራል፣ ምላሱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል። ከውጭ ሲታይ የተከፈተ ይመስላል። እጀታው ሲዞር ውሃው የማይለወጥ ከሆነ ቫልቩን ቀዳዳ ባለው ኳስ በሚከፈትና በሚዘጋ ቦል ቫልቭ መተካት ነው፤ ሲገዙ ግን ከፍተው በቀዳዳው ይመልከቱ። ርካሽ የሆኑት ብዙዎቹ ቀዳዳቸው ከቧንቧው ይጠብባል።

ሮቶ ያለበት ቤት

ሮቶ ያለው ሰው ስሌቱን ከሻወሩ ራስ ይጀምር። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ቢቀመጥና የሻወሩ ራስ ከመሬት 2 ሜትር ቢሆን፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲል የቀረው ከፍታ 1 ሜትር፣ ማለትም 0.1 ባር ነው። ሙሉ ሲሆን የውሃው ጥልቀት አንድ ሜትር ያህል ይጨምርለታል። ከግቢው ቧንቧ በደንብ እየወረደ ሻወሩ ላይ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። ማማውን በ2 ሜትር ማሳደግ የዚያን ሻወር ግፊት ቢያንስ እጥፍ ያደርገዋል።

ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ግን ማማ ላያስፈልገው ይችላል። የግቢው የላይኛው ጥግ ከቤቱ ወለል 4 ሜትር ከፍ ካለ፣ እዚያ በተደለደለ መደብ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከ4 ሜትር ማማ ጋር እኩል ነው። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናልና ይህ ከብረት ማማ ይልቅ ለቤተሰብም ስጋቱ ያነሰ ነው። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ደሴን በመሰለ ከተማ ይህን ዕድል ትቶ በቀጥታ ወደ ፓምፕ መሮጥ ያሳዝናል።

ለሮቶ የባር ጌጅ አይረዳም፤ 0.2 ባር መርፌውን እምብዛም አያነቃንቀውም። በምትኩ ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከቧንቧው ጋር አጥብቀው ያስሩና ሌላውን ጫፍ ወደ ላይ ይዘው ይክፈቱ። ውሃው ሮቶው ውስጥ ካለው ወለል ጋር እኩል ይቆማል። ሌላ ቧንቧ ሲከፈት ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ 1 ሜትር ተኩል ከወረደ፣ መስመሩ የሚበላው ያንን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ነው የቧንቧ ስፋት ወሳኝ የሚሆነው። ፒፒአር በሚባለው፣ በሙቀት በሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ የተጻፈው 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋቱ ነው። ወፍራሙ፣ ፒኤን 20 የሚባለው፣ 20 ሚሊ ሜትር ተብሎ ውስጡ 13.2 ብቻ ነው፤ 25ቱ ደግሞ 16.6። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በደቂቃ 10 ሊትር በ30 ሜትር ርዝመት ሲሄድ፣ በ20ው ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ በፍትጊያ ይጠፋል፣ በ25ቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ። ሮቶው 3 ሜትር ብቻ ካለው በ20ው ያ ፍሰት ከቶ አይገኝም። ስለዚህ ከሮቶ እስከ ቤት የሚመጣው ግንድ መስመር 32፣ ወደ ክፍሎች የሚከፈለው 25፣ የመጨረሻው አጭር ቅርንጫፍ ብቻ 20 ቢሆን እንመክራለን። ያረጀ የብረት ቧንቧ ካለ ደግሞ አንድ ቁራጭ አስቆርጠው ውስጡን ይዩ፤ ዝገት ቀዳዳውን እርሳስ የማያሳልፍ እስኪሆን ሊሞላው ይችላል። ያን ማጠብ አያድነውም፤ መቀየር ነው።

አዲስ ፒፒአርም በብየዳ ይበላሻል። በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ 20ው 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7፣ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል። ከዚህ አልፎ የሞቀ ወይም ከልኩ በላይ የተገፋ ጫፍ ውስጡ ይቀልጥና ቀለበት ሠርቶ ቀዳዳውን ያጠባል። ስለዚህ የመግቢያውን ጥልቀት በእርሳስ ምልክት ሳያደርግ የሚበይድን ባለሙያ ማስቆም ተገቢ ነው። በውርጭ ማለዳ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ የማሞቂያው ጊዜ በግማሽ ይጨመራል።

የከተማው መስመርና ሮቶው በአንድ ቧንቧ ቤት ከገቡ፣ ፈረቃው ሲያልፍ ውሃው ወደ መንገድ እንዳይመለስ ቼክ ቫልቭ ያስፈልጋል። ከሮቶ በሚወርደው መስመር ላይ ስፕሪንግ ያለውን አያስገቡ፤ ስፕሪንጉን ለመክፈት ብቻ ከ20 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሊወስድ ይችላል። በምላስ የሚከፈተው ይሻላል። ከሮቶው ወጥቶ አጥር ዘልሎ የሚወርድ ቧንቧ ደግሞ ጉብታው ላይ አየር ይይዛል፤ ሮቶው ባዶ ሆኖ ከተሞላ በኋላ ውሃ የማይመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ቧንቧው ሳያቋርጥ ወደ ታች እንዲያዘነብል ማድረግ ወይም ከጉብታው ላይ ከሮቶው አናት የሚበልጥ ቀጭን የአየር መውጫ ማቆም ይፈታዋል።

ፓምፕ

ከፍታው በእውነት ከሌለ፣ ለምሳሌ ፎቅ ላይ፣ ፓምፕ ይገባል። ከከተማው መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ግን መግጠም አይገባም። የጎረቤትን ውሃ ይነጥቃል፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲያንስም በስንጥቅ በኩል የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ መጠጥ ውሃ ይገባል። ይህ የጤና ጉዳይ ነው። ትክክለኛው መንገድ መስመሩ በራሱ ግፊት መሬት ላይ ያለ ሮቶ ይሙላ፣ ፓምፑ ከሮቶው ይሳብ የሚለው ሳይሆን ከሮቶው ይስብ።

ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ፓምፕ ይበቃል። ፓምፑን ከሮቶው ሥር፣ ከውሃው ወለል በታች ያስቀምጡት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ጫና 0.75 ባር ያህል ነው፤ በዚህ ቦታ የትኛውም ፓምፕ ቢሆን ከታች ወደ ላይ ሊስብ የሚችለው በስሌት ከ7.6 ሜትር አይበልጥም፣ በተግባር 5 ሜትር ገደማ ነው። ከመሬት በታች ካለ ማጠራቀሚያ የሚስብ ሰው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 8 ሜትር ማመን የለበትም። የመሳቢያው ቧንቧ ከፓምፑ አፍ መጥበብ የለበትም፤ አየር የሚያስገባ መጋጠሚያም አንድ እንኳ አይኑረው።

አውቶማቲክ ማብሪያው ብዙ ጊዜ 1.4 ባር ላይ አስነስቶ 2.8 ላይ እንዲያጠፋ ተስተካክሎ ይመጣል። የአየር ጋን (ውሃን በታመቀ አየር ገፍቶ የሚይዝ ዕቃ) ካለው የጋኑ አየር ከማስነሻው 0.2 ባር ያነሰ፣ ማለትም 1.2 ይሁን፤ የሚለካውም ውሃው ተፈስሶ ጋኑ ባዶ ሲሆን ነው። ማንም ሳይከፍት ፓምፑ በየደቂቃው የሚነሳ ከሆነ ወይ ጋኑ አየር ጎድሎታል፣ ወይ ቼክ ቫልቩ ያሳልፋል፣ ወይ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ እየፈሰሰ ነው። ሮቶው ውስጥ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ አብሮ መገጠም አለበት፤ ያለ ውሃ የዞረ ፓምፕ የዘንጉ ማሸጊያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላም ከሥሩ ማንጠባጠብ ይጀምራል።