የጋዜጣ ወረቀት ጥቅል በመጋዘን፦ ድሬ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅቡቲ ወደብ በባቡር የሚጫን ዕቃ ድሬዳዋን ሳይነካ አያልፍም፤ ከተማዋ የራሷ ደረቅ ወደብም አላት። ስለዚህ የጋዜጣ ወረቀት ጥቅል እዚህ በዘመናዊ አውቶማቲክ መጋዘን ቢቀመጥ የሚለው ሐሳብ ቢነሳ አይገርምም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አብረውት የሚነገሩት ነገሮች ግን መታረም አለባቸው።

«ግማሽ ቶን የሚመዝን ነገር በምን ይጎዳል?»

ከባዱ ጥቅሉ ነው እንጂ ወረቀቱማ ስስ ነው፤ በካሬ ሜትር 45 ግራም አካባቢ። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 700 ኪሎ የሆነ ጥቅል ቢዘረጋ ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ማተሚያው ደግሞ ይህን ወጥሮ በሰከንድ 10 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስበዋል። ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ካለች ወረቀቱ የሚቀደደው ከእሷ ተነስቶ ነው። ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛው እንደገና ወረቀቱን በየሮለሩ መሃል ያሳልፋል፣ ጋዜጣው ይዘገያል።

«ላዩ ላይ ትንሽ ተጫረ፣ ምን አለበት» የሚሉም አሉ። እስቲ እናስላው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ጥቅል ዙሪያውን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተልጦ ቢጣል ከወረቀቱ 10 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ ውጨኛው ዙር ከውስጠኛው ይረዝማላ! ይህ ሁሉ ጉዳት የሚመጣው ወለል ላይ ከቀረች ጠጠር ወይም ከፎርክሊፍት ሹካ ነው። ጥቅል በሹካ አይነሳም። ዙሪያውን አቅፎ በሚይዝ ክላምፕ ነው የሚነሳው፤ እሱም ከመጠን በላይ ካጠበቀ ጥቅሉን ይጨፈልቀዋል።

«አስተኝቶ መደርደር ይሻላል፣ አይወድቅም»

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ጥቅል በጠፍጣፋ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተኝቶ የከረመ ጥቅል በራሱ ክብደት አንድ ጎኑ ይደፈጠጣል፤ ክብነቱን ካጣ ደግሞ ማሽን ላይ ሲሽከረከር ይዘላል፣ ውጥረቱ ይለዋወጣል፣ ወረቀቱ ይበጠሳል።

«ድሬ ደረቅ ስለሆነች ለወረቀት ተስማሚ ናት፤ መጠቅለያውን አውልቆ ማናፈስ ነው»

እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፦ መጠቅለያውን አታውልቁ! ወረቀት ከአየሩ ጋር እርጥበት ይለዋወጣል። ከጅቡቲ ወበቅ ወጥቶ ድሬ ደረቅ አየር ውስጥ ራቁቱን የተቀመጠ ጥቅል መጀመሪያ የሚደርቀው ከጠርዙ ነው። ጠርዙ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሃሉ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ያኔ ወረቀቱ በእኩል አይወጠርም። የደረቀ ወረቀት ይሰባበራል፣ የኤሌክትሪክ ሙልም ይይዛል። ለወረቀት የሚመቸው አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ነው። መጠቅለያው የሚወልቀው ጥቅሉ ማሽን ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። በጣሪያ ቆርቆሮ የሚጋል መጋዘን ውስጥ ምንም ዓይነት ሮቦት ይህን አያስተካክልም።

«አውቶማቲክ ከሆነ ሰው አያስፈልግም»

አውቶማቲክ መጋዘን የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ባርኮድ አለው፤ ሲገባ ይነበባል፣ ይመዘናል፣ ቦታው ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። ማተሚያው ሲጠይቅ ያለ ሾፌር የሚሄድ ጋሪ መጀመሪያ የገባውን አስቀድሞ ያመጣል። ተርፎ የተመለሰ ግማሽ ጥቅልም ተመዝግቦ ይቀመጣል እንጂ ጥግ ላይ አይረሳም። ማሽኑ ላይ ያለው ጥቅል ሊያልቅ ሲል አዲሱ ከሚሮጠው ወረቀት ጋር ማሽኑ ሳይቆም ይጣበቃል።

የፎርክሊፍት ሾፌር ሥራ መቀነሱ እውነት ነው፤ መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ባርኮድ አንባቢው የጥቅሉን ቁጥር እንጂ የተቀጠቀጠ መሃል ቱቦ ወይም የረጠበ ጠርዝ አይነግርም። መጠቅለያ የሚያወልቅ፣ ጉዳት የሚያይ፣ ማጣበቂያውን የሚያዘጋጅና ማሽኑን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። የድሬ ወጣቶች ሊሠለጥኑበት የሚገባው ይህ ነው።

«ጠብቆ የተጠቀለለ ወረቀት እሳት አይበላውም»

ይበላዋል፣ ያውም ክፉኛ። ቆመው የተደረደሩ ጥቅሎች መሃል ያለው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ እሳቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ውጨኛው ንብርብር እየተላጠ ሲወድቅ አዲስ ወረቀት ለነበልባሉ ይጋለጣል። ውኃ ሲረጭበት ደግሞ ጥቅሉ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ ድርድሩ ሊናድም ይችላል። ስለዚህ ከግድግዳው ርቆ መደርደርና ከጣሪያ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ መትከል ከመጋዘኑ ዲዛይን ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው፤ እሳት ለማጥፋት የሚገቡትም ድርድሩ ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።