የነርሶች የፈረቃ ርክክብ ምንድን ነው?

መሃል አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ጠዋት ነው። የሌሊቷ ተረኛ ቦርሳዋን ይዛ በሩን በሩን ታያለች። የቀኗ ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ አርፍዳለች። ሁለቱ ሲገናኙ የሚነጋገሩባት አጭር ጊዜ ናት ርክክብ የምትባለው።

ቃሉን ከንብረት ክፍል እናውቀዋለን። ዕቃ ሲገባ ይቆጠራል፣ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ቢጎድል ተጠያቂው ይታወቃል። የነርሶቹም እንዲሁ ነው፤ ከወሬው ጋር ኃላፊነቱም ይተላለፋል። "6 ቁጥር ደህና አድረዋል" ብሎ መውጣት ግን ርክክብ አይደለም። ትኩሳታቸው ስንት ነበር? የመጨረሻው መርፌ መቼ ተሰጠ? ያልመጣ የላብራቶሪ ውጤት አለ? የማይስማማቸው መድኃኒትስ?

አክስቴን ሳስታምም ሌሊት የተሰጣት መርፌ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። የጠዋቷ ነርስ ደግማ ልትወጋት መጣች። "ሲስተር፣ ሌሊት ተወግታለች እኮ!" አልኳት። ደውላ አጣራች፣ እውነት ነበር። አንዷ ደክሟታል፣ ሌላዋ ቸኩላለች፤ በቃ ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለ፤ ሰዓት። ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ወሬው በአማርኛ ነው። "8 ሰዓት ላይ ይሰጣቸው" ሲባል በእኛ ከሆነ ከምሳ በኋላ ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት። ጭራሽ "በየ8 ሰዓቱ" ለማለትም ተፈልጎ ይሆናል። ኢንሱሊን ላይ የስድስት ሰዓት መዛነፍ ቀልድ አይደለም። "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ምን ነበረበት?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ካወጣቸው ዘጠኝ የሕሙማን ደኅንነት መፍትሔዎች አንዱ ይኸው የርክክብ ጉዳይ ነው። እዚያ የተጠቀሰው ኤስባር (SBAR) የተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ ዘዴ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ አሁን ምን ሆኗል፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ይመስለኛል፤ "ሽንታቸው ቀንሷል" ተብሎ "በየሰዓቱ ለኪው" ሳይባል ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዘጠኝ ሆስፒታሎች ጥናት ርክክብ ሥርዓት ሲይዝ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የተጠኑት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች እንጂ ነርሶች አልነበሩም፤ ቢሆንም ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ርክክቡ አልጋው አጠገብ ሲሆን ታማሚውም አስታማሚውም ይሰማሉ፣ የተረሳም ካለ ያስታውሳሉ። ችግሩ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ጎረቤቱም ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ እንደ ኤችአይቪ ውጤት ያለው ምስጢር ለብቻ፣ ከክፍሉ ወጣ ብሎ ይነገራል።