ሰሜን ሸዋ ላይ የጥገና ሥራ፦ ፈቃዱ፣ ወረቀቱና መድኑ

ደብረ ብርሃን ላይ ቧንቧ ሲፈስ ወይ ሶኬት ሲቃጠል ማንም መጀመሪያ ለድርጅት አይደውልም፣ ጎረቤት ነው የሚጠየቀው፣ ጎረቤትም "አንድ ልጅ አለ" ይላል። ልጁ ሀምሳ ዓመት ሊሞላው ይችላል፣ ሶስት ልጆቹን ለትዳር አብቅቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቦርሳውን ይዞ እስከዞረ ድረስ ልጅ ነው። ቧንቧ ይሰራል፣ መብራት ያያል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ ሮቶ ይሰቅላል፣ በር ሲዘም ያቃናል። ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ጥያቄው "የማንን ቤት ሰርተሃል" ነው። ወረቀቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ወይ መስሪያ ቤት ሥራ ሲሰጠው ወይ ደግሞ የሆነ ሰው ሲወድቅ።

ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት እንዳለ ይታወቃል፣ አንዱ ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ነው፣ እዚ የምናወራው ግን የአማራ ክልሉን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ደብረ ሲናን፣ መሀል ሜዳን፣ አረርቲን ነው። ዋና ዋናዎቹ ህጎች የፌደራል ስለሆኑ ሁለቱም ጋ አንድ ናቸው፣ የሚለየው የምትሄድበት ቢሮ ነው። ሥራው ራሱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለ፣ ልስንና ቀለም የሚሰራ ሰው ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ አይነካካም፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቆላ ናት፣ እዛ ጭንቁ ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተመረቀ ወዲህ ፋብሪካው ሲበዛ የሚከራይ ቤትም በዛ፣ የሚከራይ ቤት በበዛበት ደግሞ የሚበላሽ ነገር አይጠፋም።

ወደ ፈቃዱ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚያምታታው ንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድን ነው። ምዝገባው ነጋዴ መሆንህን መዝገብ ላይ ማስገባት ነው፣ ፈቃዱ ደግሞ ምን እንደምትሰራ የሚናገረው ነው፣ በየዓመቱ የሚታደሰውም እሱ ነው። ሁለቱንም የሚገዛው አዋጅ 980/2008 ነው፣ በ2011 በአዋጅ 1150 ተሻሽሏል። ጉዳዩ የሚጀመረው ከቲን፣ ማለትም ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው፣ አሻራ ትሰጣለህ፣ 10 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጥሃል፣ ያ ቁጥር እድሜ ልክህን ያንተ ነው። ከዛ ወደ ንግድ ጽህፈት ቤት ነው፣ አሁን በኢንተርኔትም ማመልከት ይቻላል፣ ግን እዚ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ መልሰህ እግርህን ነው የምታምነው።

የጥገና ባለሙያን የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አድራሻ ነው፣ ፈቃድ ሲወጣ የሥራ ቦታ አድራሻና የኪራይ ውል ይጠየቃል፣ እሱ ግን ሱቁ ቦርሳው ነው፣ ስለዚህ ብዙዎቹ አንድ ጠባብ ክፍል ይከራዩና ዕቃ ያስቀምጡባታል፣ ወይ ከግንባታ ዕቃ ሻጭ ጋር ይስማሙና ጥግ ላይ ጠረጴዛ ያስገባሉ። ሁለተኛው ኮዱ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ ዘርፍ በዘርፉ ነው፣ "ሁሉንም እሰራለሁ" የሚባል ዘርፍ የለም፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሌላ ነው፣ የሳኒተሪ ሥራ ሌላ፣ ብረታ ብረት ሌላ። ልጁ በቀን ሶስቱንም ይሰራል፣ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ግን አንዱ ነው። ሲሰራ ማንም ቆሞ አይቆጥርበትም፣ ችግሩ ደረሰኝ ሲቆርጥ ነው፣ የቧንቧ ፈቃድ ይዞ የመብራት ሥራ ደረሰኝ ቢሰጥ የመስሪያ ቤቱ ሂሳብ ሹም አይቀበለውም።

እድሳቱ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው፣ ለማደስ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚመሰክር ወረቀት) ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ፣ ሥራ ትቶ አዲስ አበባ ወይ አረብ አገር ሲሄድ ፈቃዱን ሳይመልስ ይሄዳል፣ ወረቀቱን ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ጥሎት ማለት ነው። ገቢዎች ግን አልሰራሁም ስላልክ ብቻ አይተውህም፣ ፈቃድህ እስካልተመለሰ ድረስ ግብር ከፋይ ነህ፣ ከሶስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ውዝፍና ቅጣት ተደምሮ ይጠብቅሃል። መመለስ ማለት ማመልከቻ ጽፎ፣ ክሊራንስ አምጥቶ፣ ፈቃዱን አስረክቦ የተሰረዘበትን ማስረጃ መያዝ ነው።

ግብሩ ላይ ድሮ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባል ሶስት ደረጃ ነበር፣ በአዋጅ 979/2008 መሰረት ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ሁሉ ሐ ነበር፣ የእጅ ሙያተኛውም አብዛኛው እዛ ነው የነበረው። በ2017 የወጣው ማሻሻያ 1395 ግን ደረጃውን ሁለት አደረገው፣ መስመሩ 2 ሚሊዮን ብር ላይ ነው፣ ከዛ በታች ያለው ለ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ግዴታ የሚያስመዘግበውም በ2016ቱ አዋጅ 1341 እንደዛው 2 ሚሊዮን ነው። በግምት የሚተመን የቀን ገቢ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያስቆጣ 2009 ክረምት ላይ በብዙ ከተማ ሱቅ ሲዘጋ ታይቷል፣ ግድግዳ ቀለም የሚቀባ ሰው ክረምቱን በሙሉ ሥራ እንደሌለው ለገማቹ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ለመሸሽ የተፈጠረው ዘዴ ፈቃድ መዋስ ነው። ትምህርት ቤት ወይ ጤና ጣቢያ ጥገና ሲፈልግ ሶስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበስባል፣ ልጁ ፈቃድ ስለሌለው የጓደኛውን ይዞ ይገባል፣ ለጓደኛው ፐርሰንት ይቆርጥለታል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። እስከ ግብር ወቅት ድረስ። ደረሰኙ የወጣው በጓደኛው ስም ስለሆነ ገቢውም የሱ ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ ሥራው ቢበላሽ የሚጠየቀውም እሱ ነው፣ ስንት ጓደኝነት እንዲህ ፈርሷል።

የሙያ ማረጋገጫ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡት ልጆች ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይፈተናሉ፣ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፣ አንጋፋዎቹ ግን ያለ አንድ ወረቀት 30 ዓመት የሰሩ ናቸው፣ አንዳንዴ ለፈታኙ ራሱ ቤት የሰሩ። ኤሌክትሪክ ላይ ጠንከር ያለ ነው፣ በኢነርጂ አዋጅ 810/2006 መሰረት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሰራ ሰው ከተቆጣጣሪው ባለስልጣን የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ከቆጣሪ ወደ ውጪ ያለው ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ "ትንሽ ነካ አድርጌው ነው" የሚባል ነገር እዛ አይሰራም። ሥራው ሰፍቶ ወደ ግንባታ ሲገባ የኮንትራክተርነት ደረጃ ይጠየቃል፣ እሱ ከጥገና ልጅ አቅም በላይ ነው፣ እዚ አንገባበትም።

የግንባታ ፈቃድ ማውጣት የባለቤቱ ነው፣ የሰራተኛው አይደለም፣ ግን ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መዶሻው የሚወሰደው የሰራተኛው ነው። የህንፃ አዋጅ 624/2001 ግንባታ የሚለው አዲስ ቤት መስራትን ብቻ አይደለም፣ ያለውን ቤት ማሻሻልና አገልግሎቱን መቀየርንም ነው። ህንፃዎችን በሶስት ምድብ ከፍሏቸዋል፣ ሀ የሚባለው ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ነው፣ የመንደራችን ቤት አብዛኛው እሱ ነው። ቀለም መቀባት፣ ሶኬት መቀየር፣ የሚያፈስ ቧንቧ መቀጠል ማንንም አያስጠይቅም። ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን ሱቅ ማድረግ፣ ሰርቪስ ቤት መቀጠል ግን ማዘጋጃ ቤት ያስኬዳል። ቅዳሜ ከሰዓት እና እሁድ የመዶሻ ድምፅ ለምን እንደሚበዛ የገባችሁ ይመስለኛል።

አሁን መድኑ። የጥገና ባለሙያ የኃላፊነት መድን ካልገባህ አትሰራም የሚለው ህግ የለም። ግዴታ የሆነው የተሽከርካሪው ሶስተኛ ወገን ብቻ ነው (አዋጅ 799/2005)፣ ሞተር ወይ ባጃጅ ካለው ማለት ነው። ግን መድኑ ግዴታ አልሆነም ማለት ኃላፊነቱ የለም ማለት አይደለም፣ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይክሳል ይላል፣ ቁጥር 3039 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ የሰራ ሰው ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ካስረከበበት ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። አስር ዓመት! እዚ አገር ለሮቶ ማቆሚያ የአስር ቀን ዋስትና የሰጠኝ ሰው የለም። ረዳቱ ሥራ ላይ ሆኖ የሰው ቲቪ ቢሰብር አሰሪው ይጠየቃል፣ ባለቤቱ ግን በራሱ አመራር የሚሰራ ነፃ ባለሙያ ከቀጠረ ባለሙያው ሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጥፋት በመርህ ደረጃ አይጠየቅም።

ከሁሉ የሚከብደው የረዳቱ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሰሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፣ ህክምናውን ይከፍላል፣ ደሞዙን የመጀመሪያ 3 ወር ሙሉውን፣ ቀጥሎ 3 ወር ከ75 ከመቶ ባላነሰ፣ ቀጥሎ 6 ወር ከግማሽ ባላነሰ ይከፍላል፣ ሙሉ በሙሉ መስራት የማይችል ከሆነ ደግሞ ካሳው የዓመት ደሞዙ አምስት እጥፍ ነው። ይሄ የፋብሪካ ህግ የሚመስለው ብዙ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ከባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፣ የቀጠረው ሰው ክፉ አልነበረም፣ አቅም ነው ያልነበረው፣ መጀመሪያ የአካባቢው ሰው አዋጣ፣ ከዛ አሰሪው ብሬከሩን (ኮንክሪት መስበሪያ ማሽኑን) ሸጠ፣ ከዛ ዝም ተባባሉ። እድር አለ ይባላል፣ እድር ግን የተሰራው ለቀብር ነው፣ ለሞተ ድንኳን ይጥላል፣ ተሰብሮ ስድስት ወር ለተኛ ሰው የሚለው ነገር ብዙ የለውም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ህክምናውን ያግዛል፣ የቀረውን የቀን ገቢ ግን አይተካም።

ገበያ ላይ ያሉት መድኖች ታዲያ ለዚሁ የሚሆኑ ናቸው፣ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ አለ፣ የሶስተኛ ወገን ኃላፊነት አለ፣ ለዕቃ የስርቆትና የእሳት አለ፣ ለተለቀ ሥራ የኮንትራክተሮች ሁሉን አቀፍ የሚባል አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ጀምሮ አለ፣ የግሎቹ ከ1986 አዋጅ በኋላ የመጡ ናቸው። ለመግባት ግን ፈቃድና ቲን ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ሰው መድንም የለውም፣ አንዱ ሌላውን ጎትቶ ይዘጋዋል። ሲፈርሙ የማይሸፈነውን ገጽ ማንበብ ነው፣ በተለይ እኛ ዞን። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ብዙ ሰው የተማረው ነገር የተለመደው የእሳት ውል የጦርነትንና የግርግርን እሳት እንደማይሸፍን ነው፣ እሱ ለብቻው የፖለቲካ ሁከት ተብሎ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገዛ ነው።

ያለ መድንም ቢሆን ውል መጻፍ ብዙ ነገር ያቀላል፣ ምን እንደሚሰራ፣ ዕቃ ማን እንደሚያመጣ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ሁለት ምስክር። በስልክ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፎቶ ማንሳትም አይከፋም፣ ግድግዳው ድሮም ተሰንጥቆ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ብዙ ሰው አቀያይሟል። ጠብ ሲነሳ ግን ፍርድ ቤት የሚሄደው ጥቂቱ ነው፣ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌ ደግሞ ከውሉ ይልቅ ሁለቱን ሰዎች ነው የሚያየው፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን ለሁለት ይከፍልና ቡና ይፈላል፣ ልጁም የቀረችውን ግድግዳ እሁድ መጥቶ ይቀባል።