ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር፦ የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ

የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያና ከጎንደር በስተደቡብ አዘዞ ላይ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር ሲለኩ የሚራራቁት 102 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአብራሪዎች መለኪያ ደግሞ 55 ኖቲካል ማይል ነው። በመኪና የሚሄድ መንገደኛ ግን ከከተማ ከተማ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት የጣና ሐይቅ ነው፤ አስፋልቱ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኚት ሲዞር፣ የአየሩ መስመር ከዘጌ ተነሥቶ ውሃውን ወደ ሰሜን ይሰነጥቀዋል። ወደ ጎንደር በሚበረው አውሮፕላን ውስጥ በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ካለለት፣ ደቅ ደሴትን ቁልቁል ያያል፤ በአገር ውስጥ በረራ ከሚታዩት ሁሉ ለእኔ ይህን የሚያህል እይታ የለም።

የበረራው ጊዜ ርቀቱን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ አይገኝም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚጠቀምበት ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር ቱርቦፕሮፕ (በተርባይን ኃይል የሚዞር ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን) በሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ በስሌት ከሆነ 102 ኪሎ ሜትሩን በ10 ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነበረበት። ነገር ግን እንዲህ ባለ አጭር መስመር አውሮፕላኑ ገና ወደ ላይ መውጣቱን ሳይጨርስ መውረድ መጀመር ስላለበት፣ በሙሉ ፍጥነት የሚጓዝበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ በዚህም የተነሣ ጉዞው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። የባሕር ዳሩ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,822 ሜትር፣ የጎንደሩ 1,966 ሜትር ላይ መሆናቸውም አየሩን ስለሚያሳሳው፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ቆላ ላይ ከሚያስፈልገው የረዘመ መንደርደሪያ ይፈልጋል።

መሀል አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ወይም ፒያሳ ካሉት የጉዞ ወኪሎች ዘንድ ገብቶ ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ጉዞ ለማየት የሚያስብ ሰው ሌላም ርቀት ማወቅ አለበት። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር በአየር 333 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ እስከ ጎንደር 419 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ቀደም ባለው ዘመን ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን ተራ በተራ እያረፈ ይጎበኝ ነበር። የዛሬው የአገር ውስጥ በረራ ግን በአብዛኛው ቦሌን ማዕከል ያደረገ ነው። ስለዚህ ቀጥታ በረራ በማይገኝበት ቀን ከባሕር ዳር ጎንደር ለመድረስ በቦሌ ዞሮ 752 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከቀጥታው ርቀት ሰባት እጥፍ በላይ መብረር ሊያስፈልግ ይችላል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀው የመኪና ጉዞ ከዚህ ይሻላል፤ በግጭት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ግን ያ ምርጫ አይኖርም።

ትኬት ሲቆረጥ መጠንቀቅ የሚገባው ሰዓቱን ነው። አየር መንገዶች የሚያትሙት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ፣ 07:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:30 ማለት ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። 07:00ን 7 ሰዓት ብሎ ያነበበ መንገደኛ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ይሆነዋል። ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ በተለይ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ጥር 11ን ወደ ጃንዋሪ ሲመልስ በወኪሉ ፊት ሁለቴ ቢያረጋግጥ ይበጀዋል።