ልጅ ሃይማኖቱን ከየት ይለምዳል? በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ስለ ሃይማኖቱ ከመማሩ በፊት ሃይማኖቱን ይለምደዋል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፤ አንገታቸው ላይ ማተብ ይታሰራል። ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ይቆማሉ። ሥራቸው ሕፃኑን ታቅፎ በመቀበል አያበቃም። ሲያድግ ሃይማኖቱን የማስተማር አደራ አለባቸው። ዛሬ ዛሬ ግን ብዙዎቹ ትዝ የሚላቸው በዓል ሲደርስ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ትምህርት ወሬ አይበዛበትም። ማዕድ ሲቀርብ «በስመ አብ» ተብሎ ይባረካል። ልጁ «አቡነ ዘበሰማያት»ን በግእዝ ይሸመድዳል፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ይሄን የሚነቅፉ አሉ። እኔ መሸምደዱ ላይ ችግር አይታየኝም። ችግሩ ልጁ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም ብለህ ጸልይ» መባሉ ነው።

የወሩ በዓላትም እንደዚሁ በጆሮ ይገባሉ። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ልጅ እነዚህን የሚይዘው «ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ አትሳደብ!» ከምትል አያት ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከወጥ ቤት ይታወቃሉ፤ ከሽሮው ወይም ከምስሩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕም ዓርብም የፍስክ ይበላል፤ ልጆች ይቺን ቶሎ ይይዟታል።

ልጆች ራሳቸው እንደ ዋና ባለቤት የሚገቡበት ጾም ግን ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ በ16 ይፈታል። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ላይ ይውላል። እናቶች ነጭ ያለበሷቸውን ልጆች እጃቸውን ይዘው፣ በጭቃው መሃል እየዘለሉ ይደርሳሉ። ልጆቹ እንደየአቅማቸው ጾመው ይቆርባሉ። ከቆረቡ በኋላ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ወጥተው ጠበል ይጠጣሉ። «ዛሬም ልቁረብ» ብሎ በጠዋት የሚያስቸግር ልጅ በዚህ ወቅት ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው ሲያድግ ስለ ልጅነት ሃይማኖቱ ጠይቁት፣ መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ ፍልሰታን ነው።

ከዚያ በኋላ ክፍተት ይመጣል። ሕፃናት ይቆርባሉ፣ በተክሊል (በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት) ያገቡ ይቆርባሉ፣ አዛውንት ይቆርባሉ። አፍላ ወጣቱ ግን ቅዳሴውን አስቀድሶ ሳይቆርብ መውጣት ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን አትቁረብ አላለችውም። «ለወጣት ይከብዳል» የሚለው ልማድ ነው የያዘው። ይሄን ክፍተት ለመሙላት ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፤ መዝሙሩ፣ ከበሮው፣ የእሑድ ጉባኤው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ግቢ ጉባኤ፣ ማለትም የተማሪዎቹ የሃይማኖት ትምህርት ጉባኤ፣ ይጠብቀዋል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በዚህ በኩል ሰፊ ሥራ ሠርቷል። የንስሐ አባት መያዝም በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ የራስ ጉዳይ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቄሱ «የእማዬ የንስሐ አባት» ናቸው።

ቤቱንና ደጀ ሰላሙን የሚያገናኘው የጽዋ ማኅበር ነው። ጎረቤት ወይም ጓደኛ ተሰባስቦ በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በተራ ይደግሳል። ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ቄስ ጸሎት ያደርሳሉ። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። በመጨረሻ ጽዋው ለባለ ተረኛው ይሰጣል። ልጆች ዳቦ ሲያድሉ፣ እጅ ሲያስታጥቡ ይውላሉ፤ ያልመጣው ሰው ምን ነካው ተብሎ ሲጠየቅም ይሰማሉ።

አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ቤተሰቦች ይሄ ሁሉ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይጠባል። በሥራ ቀን የዋለ በዓል ብዙ ጊዜ ወደ ሰንበት ይዛወራል። ልጆቹ አማርኛውን ካልሰሙ ግእዙማ የባሰ ሩቅ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ አጥቢያዎች አሉ። ወላጆች ግን አሁንም የሚጣሉት በዓርብ ቀን የትምህርት ቤት ፒዛ ላይ ነው።