ፖስትካርዱ የማያሳየው የአየርላንድ ጎጆ

የአየርላንድ ገጠር ሲባል ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው ያ የፖስትካርድ ቤት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ቀይ በር። ቤቱ እውነት ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙ ስህተት አለበት።

“ሁሉም የድንጋይ ቤት ነው”

አይደለም። ሰው የሚሠራው ደጁ ባገኘው ነገር ነው። ድንጋይ በሞላበት ምዕራብ በድንጋይ ሠሩ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዌክስፎርድ አካባቢ ደግሞ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ እየደራረቡ ወፍራም ግድግዳ ያቆሙ ነበር። በኖራ ስለሚቀባ ከውጭ ሲያዩት አይለይም። የአትላንቲክ ነፋስ በሚበረታበት ዳርቻ ክዳኑ በገመድ ተጠፍሮ ግድግዳው ላይ ከተሰኩ የድንጋይ ችካሎች ጋር ይታሰራል።

“ድሃው የኖረው በዚህ ቤት ነው”

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የ1841 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ቤቶችን በአራት ደረጃ ከፍሎ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ባለ አንድ ክፍሏን የጭቃ ጎጆ ነው። ከ490 ሺህ በላይ ነበሩ። ከዚያ ድንቹን በሽታ መታው፣ ረሃብ ገባ። በ1851 የተቆጠሩት 136 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ነዋሪዎቹ ሞቱ፣ ተፈናቀሉ፣ ተሰደዱ። ጎጆዎቹም ፈርሰው አፈር ሆኑ። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሻል ያለ ኑሮ የነበረው ገበሬ ቤት ነው።

“መስኮቱ ያነሰው ግብር ለመሸሽ ነው”

የመስኮት ግብር ከ1799 እስከ 1822 ነበር፤ ግን ጥቂት መስኮት ያላቸውን ትንንሽ ቤቶች አይነካም ነበር። መስኮቱን ለማሳነስ ብርዱና የመስታወቱ ዋጋ ይበቃል። ብርሃን የሚገባው ወገቡ ላይ ለሁለት በተከፈለው በር ነው፤ ላይኛው ክፍት ይሆናል፣ ታችኛው ተዘግቶ ዶሮ እንዳይገባ፣ ሕፃን እንዳይወጣ ያግዳል።

“ክቡ ግቢ የፌሪዎች ሰፈር ነው”

በየማሳው መሃል በአፈር ቁልል የታጠረ ክብ ቦታ ይታያል። አንዳንዱ ፌሪ የሚሏቸው ረቂቅ ፍጥረታት ይኖሩበታል ይላል፤ ሌላው የዴንማርክ ወራሪዎች ሠሩት ይላል። አብዛኞቹ ግን ከ500 እስከ 1000 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የነበሩ ገበሬዎች የኖሩባቸው ግቢዎች ናቸው፤ ከ40 ሺህ በላይ ተመዝግበዋል።

ታዲያ አፈ ታሪኩ ከንቱ ነው? እሱም አይደለም። የነካው መዓት ይወርድበታል ስለተባለ ብዙ ገበሬ ሳያርሰው ቀርቷል፤ ስንቱን ቅርስ ከማረሻ ያተረፈው ይሄ ፍርሃት ነው። በ1999 እንኳ በምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር በተባለ አውራጃ ውስጥ ላቱን በተባለ ቦታ፣ ተረት ነጋሪው ኤዲ ሌኒሃን የፌሪዎች ናት ለምትባል አንዲት እሾሃማ ዛፍ ተሟግቶ፣ ሊሠራ የነበረው አውራ ጎዳና ሳይነካት አለፈ።